የጎማ ንፋስ መከታተያ በ10 ጎማ ሲኖትራክ ላይ፦ ከ9 ወር አገልግሎት በኋላ

ዕቃው 10 የቫልቭ ክዳን ሴንሰርና ጋቢና ውስጥ የሚለጠፍ፣ በፀሐይ የሚሞላ ስክሪን ነው። የተገጠመው ባለ ከመነዳሪ 12.00 አር 20፣ 18 ፕላይ (የጥንካሬ ደረጃ) ጎማ ላይ ሲሆን መንገዱ ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ነው፤ በመሃል ጠጠርና አሸዋም አለ።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የማንቂያው ልክ ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ ለአስሩም ጎማ አንድ ልክ ተሞልቶለታል፤ ይህም በየጎሚስታው የተለመደውን «ሁሉንም 120 አድርገው» የሚለውን ስህተት ያጸናል። ይህ ጎማ 120 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ፤ 8.3 ባር) የሚፈልገው ሙሉ አቅሙን ሲሸከም ነው፤ አቅሙም ነጠላ ሲሆን 3,750፣ መንታ (ጎን ለጎን የተገጠመ ጥንድ) ሲሆን 3,250 ኪሎ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ለብቻው ይመዘን። ፊት 7 ቶን ካረፈ ለአንድ ጎማ 3,500 ኪሎ ይደርሰዋል፤ 110 ይበቃዋል። አንዱ የኋላ አክስል 10 ቶን ከያዘ ለአንድ ጎማ 2,500 ኪሎ ነው። የጎማ ጭነትና የንፋስ ቀመር 86 አካባቢ ይሰጣል፤ ጭነት በመንታዎቹ መካከል እኩል ስለማይከፈል እኛ 95 እንይዛለን። የአምራቹ ሰንጠረዥ ከዚህ ከፍ ካለ እሱ ይቀድማል። ከኋላ 120 ይዞ የሚሮጥ ጎማ መሃሉ ቀድሞ ያልቃል፣ ጠጠር ላይም ቶሎ ይቆረጣል።

ፒስታ (ጠጠር መንገድ) ላይ ከነዚህ ቁጥሮች 15 በመቶ እንቀንሳለን፤ ፊት 94፣ ኋላ 80፣ ፍጥነት ከ50 ኪሎ ሜትር በታች። አሸዋ ላይ ፊት 70፣ ኋላ 55፣ ፍጥነት ከ20 በታች። ከዚህ በታች መውረድ አንመክርም። መንታዎቹ ሆድ ለሆድ ከተነካኩ ጎናቸው ይፋጫል፣ ይግላል። ባለ ከመነዳሪ ጎማ ደግሞ ንፋሱ ሲያንስ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል። አስፋልት ሲደርሱ ወዲያው መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። የመኪናው የፍሬን አየር ብዙውን ጊዜ 8 ባር (116 ፒኤስአይ) ገደማ ላይ ስለሚያቆም የፊቱን 110 ለመድረስ መጨረሻ ላይ በጣም ይዘገያል።

የዕቃው ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው፦ ንፋስ ለመቀነስም ለመሙላትም ሴንሰሩ ይፈታል፣ የማንቂያው ልክም በየአክስሉ እንደገና ይገባል። ካልተስተካከለ አሸዋው እስኪያልቅ ይጮኻል። ንፋስ በላዩ የሚያሳልፍ ዓይነት ሴንሰር ማግኘት የሚችል ሰው ያንን ይግዛ።

ንባቡን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ላይ ከእጅ ማኖሜትር (የንፋስ መለኪያ) ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ ጅቡቲ ላይ ይስማማሉ። ሴንሰሩ ከሚለካው ጠቅላላ ግፊት ላይ ሁልጊዜ የባሕር ጠረፍ የአየር ግፊትን ስለሚቀንስ፣ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ግን ከዚያ ስለሚያንስ ነው እንጂ አልተበላሸም። ሙቀትም አለ፦ አዲስ አበባ በ15 ዲግሪ በማኖሜትር 110 የተሞላ ጎማ፣ ሳይሮጥ እንኳ በ40 ዲግሪ ጅቡቲ ላይ 117 ይሆናል። ሲሮጥ ከዚህም ይጨምራል። የጋለ ጎማ ንፋስ መቀነስ ግን ስህተት ነው፤ ሌሊት ሲበርድ ከልኩ በታች ይወርዳል። የታችኛውን ማንቂያ ከልኩ 15፣ የላይኛውን 25 በመቶ ርቆ መሙላት የከንቱ ጩኸቱን ያስቀራል።

የሙቀት ንባቡን አትመኑት። ሴንሰሩ ውጭ፣ ቫልቭ ጫፍ ላይ ስለሆነ የቸርኬውን ግለት ዘግይቶ ነው የሚያየው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቸርኬውን ሲያግል ስክሪኑ ገና ዝም ብሎ ይቆያል።

የተበላሸው በአብዛኛው የውስጥ መንታው የቫልቭ ማራዘሚያ ነው። ከላስቲክ የተሠራው የማራዘሚያ ቱቦ በሴንሰሩ ክብደት ይወዛወዝና መጋጠሚያው ላይ ንፋስ ያፈሳል። በጠንካራ የብረት ማራዘሚያ ተቀይሮ ቸርኬው ላይ በመያዣ ከታሰረ ወዲህ ቆሟል። በተገጠመ ቁጥር የሳሙና አረፋ ይቀባ። የሴንሰሩ የውስጥ ላስቲክ በአፋር ሙቀት ይደርቃል፤ መለዋወጫ መያዝ ይሻላል።

ገንዘቡን የሚያስመልሰው ግን ያው የውስጥ መንታ ነው። ውጭኛው ጎማ ጭነቱን ስለሚሸከምለት የውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይን አይታይም፣ በመዶሻ መምታትም ያታልላል፤ ስክሪኑ ግን ይናገራል። ሲናገርም፣ ለያዘው መንገድ ከተሞላው ልክ 80 በመቶ በታች ሆኖ የሮጠ ጎማ እዚያው ንፋስ ተሞልቶ መንገድ አይቀጥልም። ይፈታ፣ የጎኑ የውስጥ ሽቦ ይታይ፤ ሲሞላም የቸርኬው ቀለበት (ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው ብረት) በትክክል መቀመጡ ይረጋገጥ፣ ማንም ከፊቱ አይቁም።