ለዓለም ከተማዋ አስተባባሪ እህታችን ምስጋና፣ ጀማ መውረድ ለምታስቡም ጥቆማ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህታችን! መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ተቀምጣ አነስተኛ ቡድኖችን ጀማ ወንዝ ዳር የምታስተናግደው አስተባባሪ የመምህራችንን የጡረታ ሽኝት እንደዚያ አሳምራ ስላዘጋጀችልን በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። ማኅበር፣ ልደት፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር ለምታስቡ ሁሉ፦ ሳታመነቱ ያዟት።

ይህን የምንለው ሌሎች አስተባባሪዎችንም ስላየን ነው። ስም መጥራት አያስፈልግም። «ዋጋው ሁሉን ያካተተ ነው» ተብሎ ከተወረደ በኋላ የማገዶ፣ የጥበቃ፣ የጭነት እየተባለ ሲጨመር፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት የወረደ ሰው ምን ምርጫ አለው? ምሳ ለስድስት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል፤ ያውም ረቡዕ ቀን የጾሙን ወጥ በሥጋው ጭልፋ እያማሰሉ፣ ሲነገራቸው «ምን አለበት» ይላሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የውሃ ፕላስቲኩን ወንዙ ዳር ጥለው መሄዳቸው ነው። ያንን ውሃ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ ሰው ይቀዳዋል።

እህታችን ከዋጋ በፊት ትጠይቃለች። ስንት ናችሁ? በዕድሜ የገፋ አለ? ጉልበት፣ ልብ፣ የደም ግፊት የሚያስቸግረው? የሚጾመውስ ስንት ነው? ኢንሱሊን የሚወስድ ካለ አስቀድሞ ይነገራት፤ የቆላው ሙቀት መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው ቀዝቃዛ መያዣ ታዘጋጃለች። ይህን ሁሉ ጽፋ ትይዛለች፣ የጻፈችውንም አትረሳም።

የመምህራችንን ጉልበት ነገር በስልክ አንዴ ብቻ ነው የሰማችው። ጠዋት ለመውረድ ሲወጣ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ከሁለት ሰዎች ጋር በር ላይ ቆማ ተገኘች። መምህሩ «ልጄ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ሲሉ፣ «ኧረ መምህር፣ በቅሎዋ እኮ እርስዎን ብላ ነው የመጣችው» ብላ እርካቡን ራሷ ያዘችላቸው። ከዚያ በፊት ጣቶቿን በበቅሎዋ የሆድ ጠፍር ሥር አስገብታ ጥብቀቱን ፈትሻለች፣ ከበቅሎዋ ጅራት ሥር የሚያልፈውንም ጠፍር ሳብ አድርጋ አይታለች። እሱ ከላላ ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ወደ አንገቷ ይንሸራተትና ሰው በጭንቅላቷ በኩል ይወድቃል። አንደኛው ሰው ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ ሁለተኛው በገደሉ በኩል ከጎን ሄዱ። በጣም ቀጥ ባለው ቦታ ላይ መምህሩን አስወርዳ በእግራቸው ደግፋ አሳለፈቻቸው፤ ሽቅብ ሲወጣ ግን ከኮርቻ አልወረዱም። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

የማረፊያ ቦታ አመራረጧም ሌላ ትምህርት ነው። ለስላሳው አሸዋ ለድንኳን ያምራል፣ ግን የወንዙ መንገድ ነው። ከደብረ ብርሃን በኩል የሚመጣው በሬሳ የጀማ ገባር ነው፤ ወንዙ ዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እሷ የምትፈልገው ዛፍ ላይ ተሰክቶ የቀረ ገለባና ጭራሮ ነው፤ ያለፈው ሙላት የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ድንኳን የሚተከለው ከዚያ ምልክት በላይ ብቻ ነው። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይም ጭራሮ ማውረድ ከጀመረ ዕቃ መሰብሰብ የለም፣ ወዲያው ወደ ላይ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ጥያቄ ጭራሽ አትቀበልም፤ ጥሩው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው ትላለች፣ እውነቷንም ነው። በተኛ ውሃ ውስጥ ማንም እግሩን እንዲነክር አትፈቅድም፣ በብልሃርዚያ ምክንያት። ለሚያድር ሰው ሁሉ አጎበር አለ። መጸዳጃውን ከወንዙ 60 እርምጃ አርቃ ታስቆፍራለች፣ አመድም ከጎኑ ታስቀምጣለች።

ስንቁን በልክ ነው የምትይዘው። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር የመጠጥ ውሃ፤ ለ14 ሰው ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን፣ ለማብሰያና ለእጅ ሌላ ሁለት። እንጀራ ለአንድ ሰው ሦስት፣ ለበቅሎ ነጂዎቹ ተጨማሪ። የጾምና የፍስክ ድስት፣ ጭልፋም ጭምር፣ የተለያየ ነው። በግ የሚታረደው በዚያው ጠዋት ነው፤ ከማታ የታረደ ሥጋ ያን ሙቀት አይችለውም። ከሰሉን ከከተማ ይዛ ትወርዳለች፣ ወንዙ ዳር ያለ ዛፍ አይነካም። ቆሻሻው በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ይወጣል።

ወፍ ለማየት የምትሄዱ ደግሞ በዕድላችሁ ደስ ይበላችሁ። የሃርውድ ቆቅ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ጀማ ሸለቆም ዋነኛ መኖሪያው ነው። የሚጮኸው ማለዳና ወደ ማታ ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ ፊላ የበቀለበት ረግረግ አጠገብ ዝም ብሎ መቆም ያስፈልጋል፤ ማሽላው ዳርም ይወጣል። ከሰባት ሰው በላይ አንድ ላይ አትወስድም፣ ለሁለት ትከፍላለች። ድምፁን በስልክ ከፍቶ መጥራት ወፉን ስለሚረብሸው ክልክል ነው። ሽቅቡን ለመውጣት ወይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ተነሡ፤ በመካከሉ ያለው ፀሐይ ሰው ይጥላል።

ሒሳቡ በዝርዝር ተጽፎ ይሰጣል፦ ምግብ፣ በቅሎ፣ መሪ፣ ጥበቃ። ግማሹ አስቀድሞ፣ ግማሹ ከተመለሱ በኋላ። የበቅሎው ክፍያ በባለቤቱ እጅ ይገባል። ከተባለው ላይ አንዲት ብር አልጨመረችም! ከአዲስ አበባ የምትመጡ በሙከ ጡሪና በሌሚ ነው መንገዱ፤ የመንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ማለዳ ደውሉላት። አትምጡ ካለች አትምጡ፣ የከፈላችሁትን ለሌላ ቀን ታዞርላችኋለች።

እባካችሁ ያዟት፣ ለሌላውም ንገሩ። ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትደውሉ የሰዉን ቁጥር፣ የሚጾሙትን፣ የታመመና በዕድሜ የገፋ ካለ ጽፋችሁ ያዙ፤ ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ በቅሎዎቹ በገበያ ቀን አይገኙም።