ጥርሱን ሳልቆጥር የገዛሁት ሞተሪኖ

የአባቴ ፒካፕ ከ2009 ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ቆማ ነው የኖረችው። ሃይሉክስ ናት፤ ሊብሬዋ በፈረንጅ 1984 ይላል፣ ሞተሯ ቱ-ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር። አባባ ከወንጂ በኩል ሽንኩርት ያመላልስባት ነበር። በመልኳ «ዳማ» ይላታል፣ እንደ ፈረስ። እሱ ካረፈ በኋላ ዶሮ ሲያድርባት ከረመ። ዘንድሮ ወንድሞቼ እንሽጣት ሲሉ እኔ እምቢ አልኩ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለችህን ጠግኖ መያዝ ነው እንጂ ሌላ ከየት ይመጣል?

መካኒኩ መጥቶ የቆየውን ናፍጣ አስወጣ፣ ዘይት ቀየረ፣ ሞተሩን በመፍቻ በእጁ አዙሮ ተጣብቆ እንዳልቀረ አየ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ። ደግሜ ሳዞር ጠቅ። የፊት መብራቱ እንኳ ደብዘዝ አይልም። «ሞተሪኖው ሞቷል፣ ሌላ ፈልጊ» አለኝ፣ ገና ሳይፈታው፤ ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ዕቃ ነው። እኔም ሳልጠይቅ ሄድኩ፤ ስለዚህ ከሚከተለው ጥፋት ግማሹ የኔ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ትልቅ መለዋወጫ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ባለቤትሽ አልመጣም?» አለ። የቱ-ኤል ሞተሪኖ ስለው ከመደርደሪያ አንድ ያገለገለ አወረደ፤ ዱባይ የመጣ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ይገባል፣ 14,500። ብር ከረከሰ ወዲህ ዋጋ መከራከርም ትቻለሁና ከፍዬ ወጣሁ። ብሎኖቹ ልክክ ብለው ገቡ። ቁልፉ ሲዞር ግን ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያሰማው ጩኸት፣ ጥርስ የሚያፋጭ። በማግስቱ ይዤው ስመለስ ልጁ መልስ አልሰጠኝም፣ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

አሁን ልጽፍለት ወደተነሳሁት ቤት ልምጣ። ቤት ማለትም ይከብዳል፤ አንድ ዝገት የበላው ኮንቴይነር ነው፣ ከአዳማ መናኸሪያ ብዙም አይርቅም። በር ላይ ያለቀላቸው ሞተሪኖና ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ በሽቦ እንደ ቋንጣ ተሰቅለዋል። ባለቤቱ ስድሳ ያለፋቸው አውቶ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። የገዛሁትን ሳሳያቸው በእጃቸውም አልነኩት።

«አሮጌው የት አለ?»

«ቤት ነው ጋሼ፣ ሞቷል ተባልኩ።»

«ማን ገነዘው? አምጪው።»

በባጃጅ ሄጄ አመጣሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘይት በጠገበው ጣውላ ላይ አስቀመጡና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። «በይ ቲቸር፣ ጥርሱን ቁጠሪ።» ቦርሳዬ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም፤ አንዱን ጥርስ ነጭ ቀብቼ ዞርኩት። የአባባ 11፣ የዱባዩ 9። እንዲህ ከሆነ ከቮላኖው፣ ሞተሪኖው ከሚያዞረው የሞተሩ ጥርሳም ክብ ጋር ሊናከስ ከየት? ረዳታቸው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም አልፈረድኩበትም።

ቀጥሎ ያደረጉትን ነው በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው። የአሮጌውን የኋላ ክዳን ሦስት ብሎን ፈተው አነሱና በባትሪ እያበሩ ወደ ውስጥ አሳዩኝ። ሁለት መዳብ ትይዩ ተቀምጠዋል፣ ቁልፍ ሲዞር አንድ ክብ መዳብ መጥቶ ሁለቱንም ይነካል፣ ያን ጊዜ ነው ወፍራሙ የባትሪ ኃይል ወደ ሞተሪኖው የሚገባው። በየማስነሻው ብልጭ ስለሚል መዳቡ ቀስ በቀስ ይበላል። አንደኛው ደህና ነው፤ ሌላው ግን እንደ ጨረቃ ጎድሎ ጠርዙ ጠቁሯል። ክቡ መዳብ ይመጣል፣ ጠቅ ይላል፣ አይደርስም። በቃ ይኸው ነው «የሞተው»። ከወፍራም መዳብ ቆርጠው በሞረድ አስተካክለው ሁለቱንም ቀየሩ፣ ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ካርቦኖች ለክተው «ገና ናቸው» ብለው መለሷቸው፤ ልሽጥልሽ ማለት ይችሉ ነበር፣ ማን ያውቅባቸዋል? ከዚያ መሬት አስቀምጠው በእግራቸው ረግጠው የባትሪ ገመድ ሲያስነኩት ከጫማቸው ሥር ዘሎ ሊያመልጥ ነበር።

1,800 ብር ከፈልኩ። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እንድፍቅም አዘዙኝ፤ እውነትም ሥሩ ዝገት ብቻ ነበር።

የማልወደውን ደግሞ ልበል። «ከሰዓት ነይ» ያሉኝ ዕቃ የተሰጠኝ በማግስቱ ነው። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም፣ ዋስትናውም ቃል ነው። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከስምንት ሰዓት በፊት መሄድ ትርፉ ፀሐይ ነው፤ የአዳማን ዓርብ ቀትር ለሚያውቅ ማብራራት አያስፈልግም። ቤትም አይመጡም፤ ዕቃውን አስፈትቶ መውሰድ የራስ ጣጣ ነው። ሁሉንም ቆጥሬ ግን ነገ ዲናሞው ቢያስቸግረኝ ሌላ ቤት አልሄድም።

ዳማ ቅዳሜ ጠዋት በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። በነጭ ጭስ ግቢውን ስትሞላው ጎረቤቴ ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች «የሟቹ መኪና ናት?» አለችና ቆማ አየቻት። ዛሬ ሦስት ወር ሆናት፤ ምርመራ አልፋ ቦሎ መውሰድ ይቀራታል፣ ሞተሪኖው ግን አንድም ቀን ጠቅ ብሎ አልቀረም።

የዱባዩ ሞተሪኖ እስካሁን የሳሎናችንን በር ከነፋስ ይዞ ተቀምጧል። በ10,000 እለቀዋለሁ፤ የሚፈልግ ካለ የራሱን ፈትቶ ጥርሱን ቆጥሮ ይምጣ።