ለገጣፎ ወይስ ሱሉልታ? ቤት ልትገዙ ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ሰሞኑን ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ለገጣፎ ይሻላል ሱሉልታ?» ኪራይ ያንገሸገሸው፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ጠብቆ ጠብቆ ተስፋ የቆረጠ፣ ከውጭ ብር እየላከ ወንድሙን «ቤት ፈልግልኝ» የሚል፣ ሁሉም ይሄንኑ ነው የሚለኝ። እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ያለችው ለገጣፎ ነው። በስተሰሜን ያለችው ሱሉልታ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ቤት ገዝቶ ስለገባ ክረምት ከበጋ እመላለሳለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ወገንተኛ ነኝ፣ ከወዲሁ ይታወቅ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለገጣፎ ነው።

በዋጋ እንጀምር። ደላላ የሚያወራው በካሬ ነው። «ሱሉልታ ይረክሳል» ሲላችሁ አብዛኛውን ጊዜ አልዋሸም። ግን ያ ርካሽነት የት እንደሚገባ አብረን እናስላው። እንበል ልዩነቱ በካሬ 5 ሺህ ብር ነው። 150 ካሬ ላይ 750 ሺህ ብር ተረፋችሁ ማለት ነው። ደስ ይላል። ባንክ ብታስቀምጡት በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 52,500 ብር ያመጣል። አሁን ደግሞ ትራንስፖርቱን እንይ። ከቤታችሁ ሦስት ሰው ቦሌ ወይም መገናኛ አካባቢ ይሠራል እንበል። ሱሉልታ ስለሚኖር ብቻ እያንዳንዱ በቀን 80 ብር ተጨማሪ ቢያወጣ፣ በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ነው። ለሦስት ሰው 5,280። በዓመት 63,360 ብር። ወለዱ አለቀ፣ ዋናውም መሸርሸር ጀመረ። ቁጥሩን በራሳችሁ ታሪፍ ቀይሩት፣ አሠራሩ ይሄው ነው። 80 ብር በዛ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አዲሱ ገበያ ቆሞ ይሞክረው። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ሚኒባሱ መንገዱን ቆራርጦ ይጭናል፣ መጨረሻ ላይ አራት ሆናችሁ ኮንትራት ትይዛላችሁ። በአፕ የሚጠራው ታክሲም «የት ነህ?» ሳይሆን «የት ነው የምትሄደው?» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ ይሰርዛል። እውነት ለመናገር ለገጣፎ ስላቸውም የሚሰርዙ አሉ።

የዚህ ሁሉ ወጪ ምንጭ መንገዱ ነው። ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው ዋናው የጎጃም መንገድ ነው፣ እሱም የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ ነው። ያንኑ መንገድ የደርባ ሲሚንቶ የጫነ ከባድ መኪናም ይጠቀምበታል። አንዱ ዳገቱ ላይ ቢበላሽ የሁላችሁም ጠዋት አብሮ ይበላሻል። ክረምት ላይ ጉም ሲጨመርበት ሹፌሮች በእርምጃ ነው የሚሄዱት። የአክስቴ ልጅ ይሄን ስለሚያውቅ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣል፣ ልጆቹን ነቅተው የሚያያቸው ቅዳሜና እሁድ ነው። ለገጣፎም መንገዱ ይዘጋጋል፣ በተለይ ሰኞ ጠዋት ያናድዳል። ግን ምርጫ አለ። በሲኤምሲና አያት መምጣት ይቻላል፣ በኮተቤና ካራም ይቻላል። አያት ላይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር መነሻ አለ፣ እስከ ጦር ኃይሎች ይወስዳል። ባቡሩ እንደ ድሮው አይመላለስም፣ መቆሚያ እንኳ የሚጠፋበት ሰዓት አለ። ቢሆንም ታክሲ በጠፋ ቀን እሱ መኖሩ ብቻ ያጽናናል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሥራችሁ ፒያሳ፣ ሽሮ ሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ አካባቢ ከሆነ ከላይ ያለው ስሌት ይገለበጣል። ለእናንተ መገናኛን አቋርጦ ለገጣፎ መሄድ ነው ቅጣቱ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ሁለቱም እኩል ያስፈራሉ። የካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ውስጥ ስንት ቤት እንደፈረሰ ያየ ሰው «ካርታ አለው?» ሳይል ቤት አይገባም። ሁለቱንም የጠቀለለው የኦሮሚያው ሸገር ከተማ በ2015 ከተቋቋመ በኋላም ፈረሳ ነበር። ደላላ «ሰነድ አልባ ነው፣ ግን ሊጸድቅ ነው» ካላችሁ ጫማችሁን አስራችሁ ሂዱ። «ከገበሬው በውል የተገዛ» የሚባለውም ያው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ ስለዚህ ያ ውል የመሬቱ ባለቤት አያደርጋችሁም።

ካርታ ካለ ደግሞ ፎርጅድ አለ። የማውቀው ሰው ማኅተሙም ፊርማውም የሚያምር ካርታ ታይቶት ቀብድ ከፍሎ ነበር። መሬት አስተዳደር ሄዶ ሲያጣራ ያ የይዞታ ቁጥር በሌላ ሰው ስም ሆኖ ተገኘ። ቀብዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ደላላው «እኔ አጣራላችኋለሁ» ቢል እሺ በሉት፣ ግን ራሳችሁም ሂዱ፣ ፋይሉን በዓይናችሁ እዩ። የቢሮው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የሚያነብላችሁ የራሳችሁን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ያመጣውን አስተርጓሚ አይደለም። ሜትርም ያዙ። ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ አጥሩ 240 ይሆናል፣ ሻጩ የሚያስከፍላችሁ በ240ው ነው። ያ 40 ካሬ ትርፍ ይዞታ ነው፣ ነገ ልቀቁ ቢሏችሁ ካሳ የምትጠይቁበት ነገር የለም። እኔ ብሆን በካርታው ካሬ እንጂ በአጥሩ ካሬ አልደራደርም። ዋጋው የሚወርደው እዚህ ላይ ነው፣ ሰዉ ግን ሳሎኑን አይቶ ይረሳዋል።

የኮንዶሚኒየም ቆጣቢ ከሆናችሁ ደግሞ መታወቂያ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሁለቱም ቦታ ስትገቡ ነዋሪነታችሁ የሸገር ይሆናል፣ ዕጣው ደግሞ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው የሚፈልገው።

ጥገናን በተመለከተ የአክስቴ ልጅ ቤት ትምህርት ቤት ነው። ቤቱ ለሽያጭ የተሠራ ነበር። ያሳዩት ጥር ላይ ነው፣ ፀሐይ፣ ሰማያዊ ሰማይ፣ አዲስ ቀለም። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሯጮቹ ለልምምድ የሚመርጡት ለዚያ ነው። ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል። ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ከውሃ ልኩ በላይ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቆረ። ቀለሙ ተነፋ። በጥፍር ስትነኩት ይረግፋል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረ ነጠላ ሻገተ። ሴፕቲክ ታንኩ የተባለው ደግሞ ያልተገነባ ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ፣ ከመሬት በሚገባው ውሃ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪናው ክረምቱን ሙሉ ደንበኛቸው ነው። ጣሪያውም «28 ጌጅ ነው» ተብሎ ነበር። ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ እንኳን ያኔ አያውቅም። ጫፉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጧ ብሎ ይገባል፣ 28 ይሄን አያደርግም። በረዶ ሲጥል እዚያ ቤት ስልክ ማውራት አይቻልም። ያንን ሁሉ ያስተካከለበትን ብር ስሌቱ ውስጥ ብትጨምሩት ርካሽነቱ የት ሄደ?

ለገጣፎ እንዲህ ያለ ቤት የለም ማለቴ አይደለም፣ ሞልቷል። ግን ብርዱም እርጥበቱም የሱሉልታን ያህል ስላልሆነ የሠራተኛውን ጥፋት ቶሎ አያጎላም። ለሁለቱም ምክሬ አንድ ነው፣ ቤት ክረምት ላይ እዩ። በር ሲከፈት ትኩስ ቀለም የሚሸት ከሆነ ከሶፋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ንኩት።

ውሃ በሁለቱም በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ሳይኖር አይታሰብም። የአዲስ አበባን ውሃ የሚያጠራቅመው ለገዳዲ ግድብ አጠገባችን ነው፣ እኛ ጀሪካን እንደረድራለን። ሱሉልታም የታሸገ ውሃ ፋብሪካ በሽ በሽ ነው፣ ነዋሪው ያው ነው። የሮቶውን መጠን ስትጠይቁ «ትልቅ ነው» አይበቃም፣ 5,000 ሊትር ነው 2,000? የሚለው ላይ ድርቅ በሉ።

ፀጥታውስ? እሱን ለማግኘት ነው ሁላችንም የወጣነው። በዚህ ሱሉልታ ያሸንፋል፣ አልከራከርም። ማታ ጅብና ውሻ ነው የምትሰሙት። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ጎረቤት ወተት ይልክላችኋል። ለገጣፎ ውስጥ ውስጡን ጸጥ ያለ ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር ግን መኪናም ማይክም አለ። ጸጥታ ሲበዛ ግን ሌላ ነው። ወዳጅ ዘመድ «ሩቅ ነው» እያለ ይቀራል፣ የድሮ ሰፈር ለቅሶ ስትደርሱ ቀብር አልቋል፣ ሌሊት ልጅ ሲታመም መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ለገጣፎ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቅርብ ስለሆነ ፋርማሲውም ገበያውም ትምህርት ቤቱም ደርሷል። ይሄ ነገር ብር ሆኖ ስለማይታይ ደላላ አያነሳውም።

«ታዲያ ለምን ኮንዶሚኒየሙን ራሱን አንገዛም?» የምትሉ አላችሁ። የካ አባዶም ቱሉ ዲምቱም ከግቢ ቤት ይረክሳል፣ ታክሲውም ይሻላል። ከላይ ያለው ጎረቤት ለሊት ቡና መውቀጡን ከቻላችሁ ግቡ።

ሱሉልታን የምመክረው የራሱ መኪና ላለው፣ ሥራው በየቀኑ መግባት ለማይጠይቀው፣ ወይም ጡረታ ወጥቶ ዶሮና ጎመን ለሚፈልግ ሰው ነው። ለቀረነው፣ ወር ጠብቀን ለምንኖረው፣ ለገጣፎ።

የደላላውን ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ጨርሱ። የተለመደው 2 በመቶ ነው፣ 6 ሚሊዮን ብር ላይ 120 ሺህ ማለት ነው። ስም ማዞሪያው ላይ የቴምብር ቀረጡ ብቻ ሌላ 2 በመቶ አለ። ሁለቱንም ማን እንደሚከፍል ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ውሉ ላይ አስጽፉ፣ ምክንያቱም ርክክብ ቀን ሦስት ደላላ ሆነው ነው የሚመጡት፣ ሁለቱን አይታችኋቸው አታውቁም።