አዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮል በመሃል አዲስ አበባ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ከሜክሲኮ ወደ መስቀል አደባባይ በሥራ መውጫ ሰዓት ለሚነዳ ሰው አዳፕቲቭ ክሩዝ ኮንትሮል የሚያሳርፍ ሳይሆን ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። በኤሌክትሪክ መኪናዬ ላይ ያለው ሥርዓት ከፓራውልቱ ጀርባ ባለ ራዳርና በፊት መስታወቱ ላይ በተገጠመ ካሜራ የፊተኛውን ተሽከርካሪ እየተከታተለ ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍሬንም ይይዛል፤ ይሁንና አጭሩን ርቀት ብመርጥም እንኳ የሚተወው ክፍተት ለሚኒባስ ታክሲ ከበቂ በላይ ነው። ታክሲው ሲገባ መኪናዬ በትሕትና ያሳልፈውና አዲስ ክፍተት ይከፍታል፣ ወዲያውም ሌላው ይገባበታል፣ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ደግሞ ክላክሱን አይለቅም። ከዚህ የሚከፋው የታክሲው አገባብ ነው፤ አፍንጫውን በአግድም አስገብቶ ሳለ የፊተኛው መኪና ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ አይቀየርም፣ አብዛኛው አካሉ መስመሬ ውስጥ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ድንገት ፍሬን ይረግጣል። ስለዚህ እግሬን ከፍሬኑ አላርቅም።

ነገሩ ከመነሻው ለከተማ የታሰበ አልነበረም። መርሴዲስ ቤንዝ በ1999 እ.ኤ.አ. በኤስ ክላስ ላይ ያወጣው ዲስትሮኒክ የተባለ ተመሳሳይ ሥርዓት በዝቅተኛ ፍጥነት የማይሠራ፣ ለአውራ ጎዳና የተዘጋጀ ነበር፤ መኪናውን ሙሉ በሙሉ እስከማቆም የሚደርሰው ዲስትሮኒክ ፕላስ የመጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

መኪናውን በመስመሩ ውስጥ የሚያቆየው መስመር ጠባቂ በኮሪደር ልማቱ መስመሩ በታደሰበት የቦሌ መንገድ ላይ መሪውን በልስላሴ ይይዛል። ቀለሙ በደበዘዘባቸው የውስጥ መንገዶች ግን ያለ ምንም ድምፅ ሥራውን ያቆማል፤ አረንጓዴው የመሪ ምልክት ግራጫ ከመሆኑ በቀር ሌላ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፣ ይህንንም አምራቹን አጥብቄ የምወቅስበት ጉድለት አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሥርዓቱ መኪና ራሱን የመንዳት አቅሙን ከ0 እስከ 5 በሚመድበው ዓለም አቀፍ ምድብ 2ኛ ደረጃ ላይ ያለ በመሆኑ ኃላፊነቱ ምንጊዜም የሾፌሩ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሲተው ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት።

ወደ አዳማ በሚወስደው ባለ 6 መስመር የፍጥነት መንገድ ላይ ሁሉም ነገር ይለወጣል፣ እግርም ያርፋል፣ እንደኔ ከሆነ የተከፈለለትን ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ብቻ ነው። ለመሃል ከተማ ግን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ የጎን ማስጠንቀቂያው ነው፤ ተሳፋሪ አውርዶ በቀኝ በኩል የሚስፈነጠርን ታክሲ በጎን መስታወቱ ላይ በሚበራ ብርቱካናማ መብራት ቀድሞ ያሳየኛል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው አንድ ጉዳይ አስቀድሞ ያጣራ፦ የፊት መስታወት በጠጠር ተሰንጥቆ ሲቀየር ካሜራው እንደገና ካሊብሬት መደረግ (ልኬቱ መስተካከል) ስላለበት፣ የሚጠቀምበት ጋራዥ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ እንዳለው ሳያረጋግጥ ውል አይፈርም።