ባለ ክዳኑ የከሰል ባርቤኪው ለፍየል ወርች ይሆናል ወይ?

መልሱን ላስቀድም፣ ይሆናል፣ እንደውም በጣም አሪፍ ነው፣ ብቻ ክዳኑ ላይ የገጠሙትን ቴርሞሜትር እንዳታምኑት።

የማወራው ስለ ክቡ፣ ባለ 57 ሳንቲሜትሩ ነው፣ ከስርም ከክዳኑም የሚከፈት የሚዘጋ የአየር ቀዳዳ ያለው። ቅርጹን ያመጣው ጆርጅ ስቲቨን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ ባህር ላይ ለምልክት የሚንሳፈፈውን የብረት ኳስ ለሁለት ከፍሎ። ዛሬ ስንቱ ካምፓኒ የሱን ኮፒ እየሸጠ ነው።

ለፍየል ክዳኑ ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ፍየል እንደ በግ አይደለም፣ ስቡ በብዛት ሆድ ዕቃው ዙሪያ ነው የሚከማቸው፣ ስጋው ራሱ ደረቅ ነው ጅማቱ ደሞ ብዙ፣ ክፍት እሳት ላይ ስታደርጉት ላዩ ይከስልና ውስጡ እንደ ጎማ ይሆናል። ወርችና አንገት የሚፈልጉት ቀስ ያለ ሙቀት ነው፣ ጅማቱ ቀልጦ ስጋውን እስኪያረጥበው ድረስ፣ እሱ ደሞ ሰዓታት ይፈልጋል። ታፋውን ግን ለዚህ አልመክርም፣ ጅማቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል።

ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፣ በሌላው ጎን ውሃ ያለበት ትሪ፣ ከትሪው በላይ ስጋው። የላይኛውን ቀዳዳ ከስጋው በላይ እንዲሆን አዙራችሁ ሙሉ ለሙሉ ክፈቱት፣ እሳቱን የምትቆጣጠሩት በስረኛው ነው፣ በጣም ጠበብ አድርጋችሁ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ማቆየት ይቻላል። ነጭ ወፍራም ጭስ እየወጣ ስጋውን አታስገቡ፣ ይመራል። የስጋው ውስጥ 65፣ 70 አካባቢ ሲደርስ ዲግሪው ቀጥ ይላል፣ አይነቃነቅም፣ ከላዩ የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ስለሆነ እቃው ተበላሸ ብላችሁ ከሰል አትጨምሩበት፣ በፎይል ጠቅልሉትና ተውት። 90፣ 95 ሲገባ አጥንቱ በጣት ሲነካ ይላቀቃል፣ ያኔ አውጡትና ሳትቆርጡት ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ።

አሁን ወደ ማማረሩ። የክዳኑ ቴርሞሜትር የሚለካው ላይኛው ጉልላት ያለውን አየር ነው፣ ስጋው ያለበት ፍርግርግ ጋር ያለው ሙቀት ሌላ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ስጋው ውስጥ የሚሰካ ዲጂታል ቴርሞሜትር ካልገዛችሁ በግምት ነው የምትሰሩት። ሁለተኛ እኔ ጋ ያለው ክዳኑ በደንብ አይገጥምም፣ በጎን አየር ያስገባል፣ ስለዚህ ሙቀቱ አንዴ 160 ከገባ ቀዳዳ ብትዘጉም ቶሎ አይወርድም። ከሁሉም የሚያናድደው ፍርግርጉ በጎን የሚታጠፍ አይደለም፣ ከሰል ለመጨመር ፍርግርጉን ከነስጋው ማንሳት ነው፣ ምኑን አስበው እንደሰሩት እንጃ! አመድ መጥረጊያው ግን ጥሩ ነው፣ አመድ ከስር ተከምሮ እሳቱን አያፍነውም።

ለመግዛት ካሰባችሁ ፍርግርጉ የሚታጠፈውን ፈልጉ፣ ክዳኑንም እዛው ገጠም ነቀል አድርጋችሁ እዩት። ትንሿን ሳይዝ ግን ለዚህ ስራ አትግዙ፣ ከሰሉና ስጋው የሚራራቁበት ቦታ የላትም፣ ቀስ ብሎ ማብሰሉ ቀርቶ ጥብስ ነው የሚሆነው።