ጎግል ድራይቭን አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ ጎንደር ላይ ሆኖ ያዋጣል ወይ?

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ አለችኝ። የአራዳ ሱቆች፣ ማራኪ ያለ ካፌ፣ አዘዞ ያሉ ሁለት መጋዘኖች፣ የሁሉንም ሒሳብ የምንሠራው እኔና አንዲት ረዳቴ ነን። ሐምሌ ሲገባ እንቅልፍ የለም። ነጋዴው ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል፣ እኛም ዓመቱን ሙሉ የሠራነውን ፋይል ደጋግመን እንከፍታለን፣ እናርማለን፣ እናትማለን፣ እንልካለን። ስለዚህ ፋይል የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ድሮ ሁሉም ነገር ፍላሽ ላይ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አንድ ገጽ ላትም ስሰካው ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያኔ ነው ወደ ክላውድ፣ ማለትም ፋይልን በኢንተርኔት በኩል በሌላ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ወደ ማስቀመጥ የገባሁት።

ጎግል ድራይቭን የመረጥኩት በቀላል ምክንያት ነው። ጂሜይል ነበረኝ፣ ደንበኞቼም አንድሮይድ ስልክ ስለያዙ ጂሜይል አላቸው። ነፃው ቦታም ይሻላል። 15 ጂቢ ይሰጣል፤ ዋንድራይቭና አይክላውድ 5፣ ድሮፕቦክስ ደግሞ 2 ብቻ። ሜጋ 20 ይሰጣል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። 15ቱ ጂቢ የድራይቭ ብቻ አይደለም፤ የጂሜይላችሁም የጎግል ፎቶም ነው። ኤክሴል ፋይል ቦታ አይበላም፣ የእኔ ደንበኞች የአራት ዓመት ሒሳብ አንድ ላይ ቢደመር 2 ጂቢ አይሞላም። የሚበላው በስልክ የተነሳ ፎቶና ቪዲዮ ነው። ስለዚህ ለሥራ የተለየ ጂሜይል ክፈቱ። እኔ ይህን ያደረግኩት ዘግይቼ ነው፣ የሰርግ ቪዲዮና የደንበኛ ደረሰኝ ከተደባለቁ በኋላ ማለት ነው፤ መለየቱ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ኢንተርኔቱ።

1 ጂቢ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ለመጫን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ራውተሩም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ትልቅ ነገር የምጭነው ማታ፣ ሰው ሲተኛ ነው። ድሮፕቦክስ እዚህ ላይ የሚደነቅ ነገር አለው። ፋይሉን ስታስተካክሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚልከው፣ ይህ በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በ2 ጂቢና በሦስት መሣሪያ የተገደበ ነፃ አካውንት ለቢሮ አይበቃም።

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ትምህርቱን በደንብ አገኘሁት። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የድራይቭ ፕሮግራም ሁለት አሠራር አለው። አንደኛው ፋይሉን ክላውድ ላይ ትቶ ስሙን ብቻ ያሳያችኋል፣ ስትነኩት ያወርደዋል። ሁለተኛው ሙሉ ቅጂውን ላፕቶፑ ላይም ያስቀምጣል። ሲጫን የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። እኔም የላፕቶፔ ቦታ እንዳይሞላ ብዬ በዚያው ትቼው ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ የፋይሎቹ ስም በሙሉ ፊቴ ተደርድሯል፣ ግን አንዱም አይከፈትም። የደንበኞቼ የግብር ቀን ደግሞ አይጠብቅም። ላፕቶፔን ተሸክሜ ዋይፋይ የሚሠራበት አንድ ሆቴል ሄድኩ፣ ከሰዓት እስከ ማታ ሁሉንም አወረድኩ። ያን ቀን ማታ ወደ ሁለተኛው አሠራር ቀየርኩት፣ እስከ ዛሬም አልነካሁትም። ጎንደር ሆናችሁ ድራይቭ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን ማስተካከያ ዛሬውኑ ክፈቱና እዩት። ስልክ ላይም በየቀኑ የምትፈልጉትን ፋይል ኦፍላይን እንዲሆን ምልክት አድርጉበት።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሲንክ፣ ማለትም ላፕቶፑና ክላውዱ ሁሌ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ማድረግ፣ ባክአፕ ወይም የተለየ መጠባበቂያ ቅጂ ማለት አይደለም። ረዳቴ አንድ ቀን ላፕቶፗ ሞላባትና የአንድ ደንበኛ ፎልደር አጠፋች፤ ክላውድ ላይ አለ ብላ ነው። ግን ሲንክ ስለሆነ ከላፕቶፑ ሲጠፋ ከክላውዱም፣ ከእኔም ኮምፒውተር ጠፋ። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ ማንም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ያወቅነው ሰውዬው ለባንክ ብድር ወረቀት ሲፈልግ ነው። «እትዬ፣ የጋሼ ፎልደር የለም» ስትለኝ እጄ ቀዘቀዘ። ድራይቭ የጠፋን ነገር ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ያቆየዋል፣ ከዚያ በኋላ ለዘላለም ይሰርዘዋል። እኛ የደረስነው በ26ኛው ቀን ነው። ተመለሰ፣ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ ሁሉንም ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ፣ ሃርድ ዲስኩም የሚያድረው ቢሮ ሳይሆን ቤቴ ነው።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምትጠቀሙ የሙያ ጓደኞቼ ይህን አደራ ስሙኝ። የፒችትሪን ዳታ ፎልደር ራሱን ድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ውስጥ አታስገቡ። ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ ብዙ ፋይል ላይ ባንድ ጊዜ ይጽፋል፣ ሲንኩ መሀል ገብቶ አንዱን አሮጌ አንዱን አዲስ ካደረገባችሁ ዳታው ይበላሻል። ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ባክአፕ አውጡ፣ ያንን በፒቲቢ የሚያልቀውን አንድ ፋይል ብቻ ጫኑ። ለእኔ ይህ አሠራር እስካሁን አንድ ቀን አልከዳኝም።

ስለ ፋይል ስምም ልናገር፣ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ የፈረንጅ ቀን ነው፣ የእኛ ሥራ ግን በእኛ ዓመት ነው የሚሄደው። የወሩን ስም ብቻ ከጻፋችሁ በፊደል ተራ ይደረድረዋል፣ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይመጣል። ስለዚህ እኔ 2017-11-ሐምሌ ብዬ ነው የምጽፈው፣ መስከረም 01 ነው፣ ጳጉሜን 13። ደግሞ ፊደላችን አንድ ድምፅ በብዙ መልክ ይጽፋል። እኔ «ሒሳብ» ስል ረዳቴ «ሂሳብ» ትላለች፣ «ደረሰኝ»ን «ደረሠኝ» ብሎ የሚጽፍ ደንበኛ አለኝ። እኛ ስናነበው አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ፊደል ነው፣ ፈልግ ስትሉት አላገኘሁም ይላችኋል። ቢሮ ውስጥ የቃላት ዝርዝር ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በዚያው ተስማማን፣ የፍለጋ ችግር ቀረልን።

አንድ የአራዳ ነጋዴ ሒሳቡ ክላውድ ላይ እንደሚቀመጥ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ታዲያ ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አሉኝ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጎግል ፋይሉን ኢንክሪፕት አድርጎ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ቆልፎ ያስቀምጣል፣ ቁልፉ ግን በእሱ እጅ ነው። ሜጋ ላይ ቁልፉ በእናንተ ፓስወርድ ላይ ነው የተመሠረተው፣ ኩባንያው ራሱ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ አይችልም። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን ፓስወርዱንም የማስመለሻ ቁልፉንም ካጣችሁ ፋይሉ ሄደ፣ ማንም አይመልስላችሁም። እኔ መሀል መንገድ መረጥኩ። ድራይቭ ላይ እቆያለሁ፣ ግን የደንበኛን ዋና ሒሳብ ከመጫኔ በፊት ኤክሴሉን በራሱ ፓስወርድ እዘጋዋለሁ። ለአራዳው ነጋዴም ይህንኑ አሳየኋቸው፣ ፓስወርዱን ራሳቸው መረጡ። ሼር ስታደርጉም «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን ትታችሁ የሰውየውን ጂሜይል አስገቡ። ሊንክ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ ጂሜይላችሁን አትክፈቱ። ከፍታችሁ የረሳችሁት እንደሆነ ቀጣዩ ሰው ድራይቫችሁን ሁሉ ያየዋል። የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ ለባለቤቱ በቴሌግራም ላኩ።

ቴሌግራም ካልኩ አይቀር፣ ብዙ ሰው ወረቀቱን ለራሱ እየላከ ያስቀምጣል። እኔም አደርገዋለሁ፣ ፈጣን ነው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ይቀበላል። ለጊዜያዊ ነገር ከእሱ የሚሻል የለም። ግን ፎልደር የለውም፣ ወረቀትን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ለዓመታት የሚቀመጥ የቤት ካርታ ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ግን እዚያ ብቻ አትተዉ። እኔ እነዚህን በድራይቭ አፕ ራሱ በስልኬ ካሜራ ስካን አደረግኳቸው፣ ወዲያው ፒዲኤፍ ያደርገዋል።

ለቤት ያለው ጥቅም ግን በእናቴ ስልክ ነው የገባኝ። ስልኳ ሁሌ ሞልቷል። የልጅ ልጆቿ ፎቶ፣ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ አጠገብ ከአባቴ ጋር የተነሱት የመጨረሻው ፎቶ፣ ሁሉም እዚያች ስልክ ላይ ብቻ ነበር። ጎግል ፎቶ እስከ 2021 ግንቦት መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የተጨመቀ ፎቶን ያለ ገደብ በነፃ ይይዝ ነበር፤ አሁን ከ15ቱ ጂቢ ላይ ይቆርጣል። ስለዚህ የማይረባውን የመልካም በዓል ቪዲዮ እያጠፋን አብረን ተቀመጥን። ቡና እስኪፈላ ስንት ነገር ቀለለ።

አንድ ነገር ደግሞ አስደነገጠኝ። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነፎቶው ሊሰርዘው ይችላል። የአባቴ አካውንት ካረፈ ጀምሮ አልተከፈተም ነበር። ፓስወርዱን እናቴ በጸሎት መጽሐፏ ጀርባ ላይ ጽፋው ስለነበር ገባንበት፣ ያሉትን ፎቶዎች አወረድናቸው። የእናቴ ላይ ደግሞ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ዳታው ለማን ይድረስ የሚለውን ሞላንበት። የእኔንና የእህቴን ስም አስገባን፣ የእህቴን ጂሜይል እናቴ ራሷ አንድ በአንድ ፊደሉን እየለቀመች ጻፈችው።