ድምፅ የሚቀዱት አራት ቁልፎች፦ ከዱባይ ለልጄ የላክሁት ዕቃ

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አፉን አልፈታም። እኔ ዱባይ ሆቴል እሠራለሁ፣ እሱ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው። በቪዲዮ ስደውል ፊቴን አያይም፤ ድምፄን ሲሰማ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ይህን ዕቃ የገዛሁት ለዚያ ነው።

መዳፍ የሚያህሉ አራት ባለቀለም ቁልፎች ናቸው። እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ይቀዳል፣ ሲጫኑት ያንኑ ያሰማል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ስልክ ላይ የሞከርኳቸው የመናገሪያ መተግበሪያዎች እንግሊዝኛ ነበር የሚያወሩት፤ "ዋተር" ቢላት እናቴ ምን ታድርገው? እዚህ ላይ የሚሰማው የኔው አማርኛ ነው።

"ውሃ"፣ "ውጪ እንሂድ"፣ "በቃ" ብዬ ቀዳሁ። አራተኛው ላይ ስሙን እያቆላመጥኩ ጠራሁት። ከሁሉም የጠቀመን "በቃ" ነው። ድሮ ፀጉሩን ሲቆረጥ እጁን እስኪደማ ይነክስ ነበር፤ አሁን ቀዩን ይጫናል፣ ቆራጩም ማሽኑን ያጠፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ "በቃኝ" የሚልበት አልነበረውም ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንባዬ ይመጣል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ "ማሽኑ ካወራለት እሱ አፉን መቼ ሊፈታ?" ብላ ፈርታ ነበር። የንግግር ባለሙያዎች ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ንግግርን አያዘገይም ነው የሚሉት።

ጉድለቱ፣ መቅጃዋ በቀላሉ ትነካለች። አንድ ቀን ሲነካካው "ውሃ" ጠፍቶ በምትኩ የእናቴ ሙቀጫ ተቀዳ። ልጄ ድምፄን ፍለጋ ደጋግሞ እየተጫነ አለቀሰ። በቴሌግራም ድምፄን ልኬላት እናቴ ስልኩን ቁልፉ ላይ አስጠግታ እንደገና ቀዳችው፣ መቅጃዋንም በፕላስተር ሸፈንናት። ከገዛችሁ ይህን ከመጀመሪያው አድርጉት፣ ቅጂውንም ስልክ ላይ አስቀምጡ።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው። እኔ መመለስ ገና አልቻልኩም፤ የልጄ አስተማሪ የሚከፈላት ከዚህ ደሞዝ ነው። ቁልፎቹ እኔን አይተኩም፣ ግን ማታ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚህ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ አራተኛውን ሳይጫን አይተኛም።

ሁለተኛ እሽግ አዝዣለሁ። የእሱ የመጀመሪያ ቁልፍ ላይ የምቀዳው "አመመኝ" የሚለውን ነው።